የባንቺአየሁ የአረፋ ድስት

ባንቺአየሁ የሄደች ዕለት እማማ የሺ ለቅሶ ተቀመጡ።

እውነቴን ነው። ማንም አልሞተም፤ የሆነው ሠርግ ነው። ባንቺአየሁ የአንበሳሜ መስመሩን የሚኒባስ ሹፌር አግብታ፣ ጋቢና ተቀምጣ፣ እጇን እያውለበለበች ነው የሄደች። ሹፌሩ ዓመቱን ሙሉ በየሁለት ቀኑ ጢሙን ሊላጭ እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ ጢሙ ደግሞ ይህ ነው የሚባል አልነበረም፤ ስለዚህ ሠርጉ ከእሱ በቀር ማንንም አላስደነገጠም። እማማ የሺ ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከተዘጋው በሯ ፊት በርጩማ አውጥተው፣ «ሄደችብኝ! ልጄ ሄደችብኝ!» እያሉ መንገደኛውን ያስቆሙ ጀመር። አንዳንዱ ነገሩን ሳያጣራ «እግዜር ያጥናዎ» ብሎ አለፈ። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴትዮማ ዘንቢሏን አስቀምጣ አብራቸው ካለቀሰች በኋላ ነው «ለመሆኑ በምን ሞተች?» ብላ የጠየቀች።

«ባል አግብታ!» አሉ እማማ የሺ።

እኔ ከግቢያችን በር ላይ ቆሜ ሳቄን በሻርፔ አፈንሁ። ሳቄም ያለ ምክንያት አይደለም። አምና በሁዳዴ «ከሆሳዕና በፊት ቤቴን ልቀቂልኝ» ብለው ይህችኑ ልጅ ሊያስወጧት የነበሩት እኒሁ እማማ የሺ ናቸው። ከጥፋቱ ግማሹ ደግሞ የእኔ ነበር፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

እኔ እታለም ባንቺ ነበር የምላት፤ በዕድሜ ታላቄ ናትና። ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ሰው ሁሉ ቡቲክ ትከፍታለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ የወንዶች ጢም መላጫ ቤት ከፈተች። እኛ ተከራይተን በምንኖርበት በእማማ የሺ ግቢ፣ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ያዘች፤ ትልቅ መስታወት ሰቀለች፤ ወደ ኋላ የሚያስተኛ አንድ ወንበር አስገባች። ፀጉር አትቆርጥም። ቶንዶስ የሚባል ነገር ቤቷ አልገባም። ጢም ብቻ፣ እሱንም በብሩሽና በምላጭ ብቻ። መብራት በጠፋ ቁጥር ያካባቢው ፀጉር ቤቶች ቶንዶሳቸውን ይዘው ጣሪያ ጣሪያ ሲያዩ፣ እሷ መስኮቷን ከፍታ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሙያውን የተማረችው ዓረብ አገር ከምትጠብቃቸው ሽማግሌ ነው። ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው ሰው ነበሩ። በየጧቱ ጢማቸውን የምትላጨው እሷ ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን ቀዝቃዛ አረፋ ስትቀባቸው ድንግጥ እያሉ ፊታቸው ከምላጩ ሥር ያመልጣታል። «አሙቄ ስቀባቸው ግን» ትለኝ ነበር፣ «እንደ ድመት ዓይናቸውን ጨፍነው ጋደም ይሉልኛል። ያን ጊዜ አወቅሁ ሙሉ፣ ፊት ፈሪ ነገር ነው። መጀመሪያ በሙቀት ማባበል ነው።» ሙሉ እኔ ነኝ።

እዚህ ደብረ ታቦር ከተማ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የመጡት ለመላጨት ሳይሆን ለማየት ነበር። ከእብናት በግ ሊሸጡ የመጡ አንድ አዛውንት በር ላይ ቆመው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ካዩ በኋላ፣

«አንች ልጅ፣ ምላጭ ጨብጠሽ የወንድ ጉሮሮ ልትይዥ?» አሏት።

«ምነው አባባ፣ እማማ ይህን ሁሉ ዘመን ጉሮሮዎን ይዘዎት የለም እንዴ? እኔ ሩብ ሰዓት ብይዘው ምን አለበት?»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ገብተውም ተቀመጡ። ሲነሡ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደባበሱና «አሁን ቤቴ ብገባ ውሻዬም ይጮህብኛል» ብለው ወጡ። በሚቀጥለው ገበያ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ።

የእታለም ባንቺ ትልቁ ጠላት ታዲያ የወንዶቹ አፍ አልነበረም፤ የጉና ብርድ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርደውን የጧት ነፋስ የቀመሰ ያውቀዋል። ከዓረብ አገር ያመጣችውን የብረት ሳህን ሙቅ ውኃ ላይ ብታስቀምጠውም፣ አንዱን ጉንጭ ጨርሳ ወደ ሌላው እስክትዞር አረፋው ይበርዳል። ግራው ለስልሶ ቀኙ እንደ ጃርት ይቆማል። «ብርድ የነካው ጢም ምላጭ ይነክሳል» ትል ነበር። ፔርሙስ ውስጥ ከተተችው፤ አረፋው ሟሙቶ ውኃ ሆነ። ሳህኑን በፎጣ ጠቀለለችው፤ ፎጣው ራሰ እንጂ ምንም አልፈየደም።

አንድ ቀን ከጎረቤት ምግብ ቤት ሽሮ አዘዝን። ሽሮው በትንሽዬ ሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። እኔ ጠቀለልሁ፣ አፌን አቃጠልሁ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ደግሜ ጠቀለልሁ። እሷ እጇን አላነሣችም።

«ምነው እታለም፣ አትበይም?»

«ከእሳት ከወረደ ስንት ደቂቃ ሆነው?»

«እኔ እንጃ፣ አሥር ይሆነዋል።»

«አሁንም ይፈላል» አለች። ከዚያ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። «ሙሉ፣ አሁንም እኮ ይፈላል!»

ሽሮው ለእኔ ተረፈ። እሷ ግን እዚያው ቀን አዲስ ሸክላ ድስት ገዝታ ገባች።

አሠራሯን ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን የምሠራው ሙቀቱን ፍለጋ እሷ ዘንድ ነበርና። መጀመሪያ ድስቷን የፈላ ውኃ ትሞላታለች። ድስቷ ስትግል ውኃውን ደፍታ ታደርቃታለች። ከዚያ ሳሙናውን በብሩሽ ውስጧ ትመታዋለች፤ አረፋው ነጭ፣ ወፍራም፣ ማንኪያ የሚያቆም እስኪሆን። ምድጃው ላይ ያለውን ፍም አመድ ታለብሰዋለች፤ ድስቷን የምታስቀምጠው ረመጡ ላይ ነው። «እሳት ሳይሆን ረመጥ። አረፋ እሳት ካየ ይሞታል» ትላለች። ሰው ፊት ላይ ከማድረጓ በፊት በክንዷ ውስጠኛ በኩል ትሞክረዋለች፣ ጡጦ እንደምትሞክር እናት። ስትላጭ አታወራም፤ ደንበኛው ካወራ ምላጯን አንሥታ ትጠብቀዋለች፤ አፍሮ ዝም ይላል።

አንድ ጊዜ «ይህ ሁሉ ድካም ለምንድነው? ሰው እኮ በቀዝቃዛም ይላጫል» ብላት፣ ስድብ የሰማች ይመስል ዞራ አየችኝ።

«ሙሉ፣ ሰውየው ጉሮሮውን ሰጥቶኝ እኔ ቀዝቃዛ ነገር ልስጠው?»

እንዲህ እያለን ሁዳዴ ገባ።

በጾሙ እኩሌታ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የማናውቀው ገበሬ ሊላጭ ገባ። ተራውን እየጠበቀ ሳለ ዓይኑ ረመጡ ላይ ወደተቀመጠችው ድስት ሄደ። ነጭ፣ እስከ አፏ የሞላች፣ እንፋሎት የምትተፋ። አማተበ። «ቸር ዋሉ» ብሎ ወጣ። ተራ መጠበቅ የሰለቸው መስሎን ነበር።

በሦስተኛው ቀን መንደሩ ሁሉ ሰማ፦ ባንቺአየሁ በሁዳዴ ወተት ታፈላለች! ወሬው ዞሮ ሲመለስ ደግሞ ወፍሮ መጣ፦ ጾሟን ዓረብ አገር ጥላው ነው የመጣች፤ ለደንበኞቿም በብርጭቆ ታድላለች። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ጾም በመሻር ከተጠረጠረ ቤት ሲገባ መታየት ማን ይፈልጋል?

እማማ የሺ በመስኮት አጎንብሰው ድስቷን በገዛ ዓይናቸው አዩ። በር ላይ ቆመው፣

«ባንች፣ በእኔ ቤት እግዜርን የሚያስቆጣ ነገር አይጣድም። እስከ ሆሳዕና ልቀቂ» አሉ።

«እማማ፣ ሳሙና ነው እኮ!»

«ሳሙና በወጥ ድስት? ሞኝሽን ፈልጊ!»

እታለም ባንቺ አልተከተለቻቸውም። ኩሩ ናት። «በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ስጋው እየሸተተኝ ረቡዕና ዓርብን ሳልሽር ስድስት ዓመት ጾሜአለሁ። አሁን አገሬ ገብቼ ሳሙናዬን ለማን ላስመስክር?» አለች። የታጠበውን ብሩሽ ደግማ እያጠበች ነው ያለችው። ሌላ ቤት ብትፈልግስ የት ትሄዳለች? ወሬው ቀድሟት ይደርሳል። ሻንጣዋን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ አወጣች።

ይሄኔ ነው እኔ የገባሁበት። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ሁሉ ያነበቡልኝ ሰሞን ስለነበር፣ ብዕሬ ተራራ የሚገፋ መስሎኝ ነበር። ነጭ ካርቶን አመጣሁ፤ በቀይ ማርከር፣ ጫፍ ጫፉን አበባ ስዬበት፣ እንዲህ ብዬ በሯ ላይ ለጠፍሁ፦

«ማስታወቂያ። በዚህ ቤት በድስት ውስጥ የሚታየው ነጭ ነገር ወተት አለመሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።»

እስከዚያ ድረስ ወሬውን የሚያውቀው የእኛ መንደር ብቻ ነበር። ከማስታወቂያዬ በኋላ በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ አወቀው። ተማሪው ቆሞ ያነባል። የባጃጁ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ ያነባል። ማንበብ የማይችለው ያነበበውን ይጠይቃል።

«ምን ይላል?»

«ወተት አይደለም ይላል።»

«ማን ወተት ነው አለው?»

«እኔ እንጃ። አንድ ነገርማ ቢኖር ነው።»

ይህን በጆሮዬ ስሰማ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ልቀደው ሮጥሁ። እታለም ባንቺ ክንዴን ያዘችኝና አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ በሰነበተችበት ጭንቀት ውስጥ ያልሳቀችውን ሁሉ አንድ ላይ ሳቀች።

«በአክብሮት!» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ኧረ ሙሉ ሞት ይርሳሽ፣ በአክብሮት እንገልጻለን!»

«ልቅደደው እታለም፤ አባባስሁት እኮ።»

«እንዳትነኪው! ጽሕፈቱ ያምራል። ከመሄዴ በፊት ሰው ያንብበው።»

እኔ ያንን ያህል አጥፍቼባት እሷ ጽሕፈቴን አመሰገነችልኝ። እንዲህ ያለች ሰው ናት።

የማስታወቂያው ወሬ መምሬ ጥላሁንም ዘንድ ደረሰ። መምሬ የእማማ የሺም የእታለም ባንቺም የንስሐ አባት ናቸው። ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። እማማ የሺ ከኋላቸው ናቸው። መምሬ በሩ ላይ ቆመው ማስታወቂያዬን ከላይ እስከ ታች አነበቡና «ጽሕፈቱስ ደግ ነው» አሉ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ማፈርም መኩራትም አቃተኝ።

ደንበኛ ባይመጣም እታለም ባንቺ ድስቷን ከረመጡ አላወረደችም ነበር፤ ገቡና ላይዋ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ምንድነው የጣድሽው?»

«ሳሙና ነው አባ። የጢም ሳሙና።»

«ሳሙና ይጣዳል እንዴ?»

«እንዳይበርድ ነው።»

«ሳሙናው?»

«ሰውየው፣ አባ። ሰውየው እንዳይበርደው።»

መምሬ አሸተቱ። ግን ጉንፋን ይዟቸው ሰንብቶ አፍንጫቸው ዝግ ነበር። «እንግዲህ የማያሸት አፍንጫ ምስክር አይሆንም» አሉ፤ እጅጌአቸውን ሰበሰቡ።

«አባ!» እማማ የሺ ጋቢያቸውን ያዙ። «ኧረ ይተዉ፣ እህል እንኳ ሳይቀምሱ! ወተት ቢሆንስ?»

«ወተት ከሆነ ኃጢአቱ የእኔ ነው የሺ። ሳሙና ከሆነ ግን ያንች ነው።»

ይህን ብለው ጣታቸውን እስከ አንጓው ነክረው አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

የመምሬ ፊት መጀመሪያ ተጨማደደ። ቀጥሎ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እግዚኦ ተሣሃለነ!» ሲሉ ከከንፈራቸው አንዲት ክብ አረፋ ወጥታ፣ ጢማቸው ላይ ትንሽ ቆይታ፣ ጧ አለች።

«አባ? ምንድነው አባ?»

«የጾም ነው የሺ» አሉ ምላሳቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «የጾም ነው። ከጾምም የጾም ነው። ውኃ አምጡልኝ!»

መምሬ ሁለት ጣሳ ውኃ ተጉመጥምጠው፣ መንገድ ላይ ብቻቸውን እየሳቁ ሄዱ። እማማ የሺ ግን አልወጡም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ድስቷን በሁለት እጃቸው ነካ አደረጓት። «ይሞቃል» አሉ። ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነው።

«ባንች፣ ጋሽ አያሌው ይላጩልሽ ይሆን?»

ጋሽ አያሌው ባለቤታቸው ናቸው። ካቻምና በሽታ ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ከአልጋ ውለዋል። ሐኪሙ «መናገር ይችላሉ፤ ቢሞክሩ ይሻላቸዋል» ቢልም አንድ ቃል የሰማቸው አልነበረም። ጢማቸው ደረታቸው ደርሶ ባሕታዊ መስለዋል። አንድ ጊዜ ፀጉር ቆራጭ ቤት ድረስ መጥቶ በቀዝቃዛ ውኃ ሲጀምራቸው፣ ደንግጠው ፊታቸው ዘለለና ቆረጣቸው። ከዚያ ወዲህ ምላጭ ካዩ በደህናው እጃቸው ይከላከላሉ።

«ለፋሲካ እንኳ ሰው ይምሰሉልኝ ብዬ ነው» አሉ እማማ የሺ ወደ መሬት እያዩ።

ስለ ሆሳዕና ማንም አላነሣም። ሆሳዕና ግን ከነገ ወዲያ ነበር፤ የእታለም ባንቺ ሻንጣም ታስሮ ጥግ ላይ ቆሟል። እኔ ብሆን «ሊያስወጡኝ አልነበረም?» እል ነበር። እሷ «ሙሉ፣ ፍም ጨምሪ» አለችኝ ብቻ።

ወደ እማማ የሺ ቤት ተሻግረን፣ ጋሽ አያሌውን በትራስ ደግፈን የማታዋ ፀሐይ በምትገባበት በር አጠገብ አስቀመጥናቸው። ምድጃውን አጠገባቸው አቀረብሁ። ምላጩን ሲያዩ ደህናው እጃቸው ተነሣ። እታለም ባንቺ እጃቸውን አልገፋችም። ድስቷን አንሥታ መዳፋቸው ውስጥ አስቀመጠች።

«እባክዎ አባባ፣ ይህችን ይያዙልኝ።»

ያዙላት። ጣታቸው የድስቷን ሆድ አቀፈ፤ ትከሻቸው ቀስ እያለ ወረደ። ጢሙን መጀመሪያ በመቀስ አሳጠረች። በሙቅ ፎጣ ሸፈነቻቸው። ከዚያ ብሩሿን ከእጃቸው ድስት እየነከረች፣ ክንዷ ላይ እየሞከረች፣ ፊታቸውን በአረፋ አለበሰች። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው አንዴም አልዘለለም። ግራ ጉንጫቸው ከዚያ ሁሉ ጢም ሥር ብቅ ሲል እማማ የሺ «ወይ ጉድ፣ ወጣት ናቸው እኮ!» ብለው አሳቁን።

ወደ ቀኙ ልትዞር የላይኛውን ከንፈራቸውን ስትቀባ፣ ጥቂት አረፋ ወደ አፋቸው ገባ። ምላሳቸው ወጥታ ላሰችው። አጣጣሙ። እታለም ባንቺ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ጨው…» አሉ ጋሽ አያሌው።

እማማ የሺ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ጨው ያንሰዋል።»

እማማ የሺ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አርባ ዓመት!» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ የሠራሁትን ወጥ ሁሉ ጨው ያንሰዋል እያሉ አንጀቴን አሳርረውታል! ይድገሙት እስቲ! ይድገሙልኝ!»

ጋሽ አያሌው ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። አፋቸው ጠመም እያለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ «ቀዩ… በሬስ?» አሉ። «ቀዩን በሬ… ማን ያበላዋል?» ሳይታመሙ በእጃቸው ይቀልቡት የነበረውን በሬ ነው የሚጠይቁት።

«አባባ፣ ቀኙ ይቀረኛል፤ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ» አለች እታለም ባንቺ በልማዷ።

«ተያቸው!» ብለው ጮኹ እማማ የሺ። «ተያቸው ይናገሩ! ጢሙ ለነገም ይደርሳል። አንችም ነገ አለሽ፤ ከሆሳዕናም በኋላ አለሽ፤ ከፋሲካም በኋላ አለሽ! ወዴት ልትሄጅ ነው?»

እታለም ባንቺ ምላጯን አስቀመጠች። ድስቷን ከጋሽ አያሌው መዳፍ ቀስ ብላ ወሰደችና ረመጡን በእንጨት ቆስቁሳ መልሳ አስቀመጠቻት፣ እሳቸው አውርተው እስኪጨርሱ አረፋው እንዳይቀዘቅዝ።